የአማች ስልቻ

ከስማዳ በኩል ዳገቱን ወጥቶ ወደ ንፋስ መውጫ ገበያ የሚገባ ሰው፣ ነጋዴም ይሁን ባለርስት፣ ድንጋይ በር ላይ ሳይቆም አያልፍም ነበር። ሁለት ቋጥኞች ግራና ቀኝ ቆመው በመሀላቸው አንድ የተጫነ በቅሎ ብቻ ያሳልፋሉ። እዚያ መሀል አልጣሽ ቁርበቷን አንጥፋ፣ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ነጠላዋን በወገቧ ታጥቃ ትቀመጣለች። የመጣው ሰው ጭነቱን ያወርዳል፣ የስልቻውን አፍ ይፈታል፤ እሷ እጇን እስከ ክንዷ ድረስ ትሰዳለች። ከላይ ያለውን እህል አትነካውም። ከላይ ያለው ለሰው ዓይን የተደረገ ነው፣ እውነቱ ከታች ነው ትላለች። ከሥሩ አንድ እፍኝ ዘግና ሰፌዷ ላይ ታደርግና አንዴ ታንገዋልላለች፣ አንዴ ታበጥራለች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ታያለች። ቀጥሎ ጭነቱን ያመጣችውን በቅሎ ጭራና ጋማ በጣቷ ታበጥራለች። እህሉ ንጹሕ ከሆነ ያቺ እፍኝ የእሷ ናት፤ ደመወዟም ይኸው ነበር። ካልሆነ እፍኟን ትመልስና ሰውየውን ከበሩ ውጭ ካለው ሜዳ ላይ ሄዶ እንዲለቅም ትሰደዋለች።

የምትፈልገው እንክርዳድ አይደለም። እንክርዳድማ የቤት ልጅ ነው፤ የሌለበት ማሳ የለም። አልጣሽ የምታድነው አንድ መጤ ነበር፤ ፍሬው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ ዙሪያውን ቆልማማ እሾህ የበቀለበት፣ ልብስም ይሁን ጠጉር አንዴ ከያዘ የማይፋታ። አገሬው ስሙን ስላላወቀው «አልለቅም» ብሎ ሰየመው። አልጣሽ ያገኘችውን አጠገቧ ባለ ክዳን ያለው ገንቦ ውስጥ ትጥለዋለች፤ ማታ ምድጃ ይገባል። ጣሊያን በቅሎዎቹን ሲያመጣ ከድርቆሹ ጋር መጣ ይላሉ። ጣሊያን ወጣ፤ እሱ ቀረ።

አልጣሽ ይህን አረም የምታውቀው በወሬ እንዳይመስላችሁ። የተወለደችው ታች ስማዳ ነው፤ ጋይንት የገባችው ተድራ ነው። በየዓመቱ ለፋሲካ አባቷን ልትጠይቅ ትወርዳለች። አንድ ዓመት ስትወርድ፣ የጣሊያን በቅሎ ይታሰርበት ከነበረው አጥር ሥር አንዲት እግር በቅላ አየች። ሌላው ሣር ሁሉ ደርቆ እሷ ብቻ ለምልማ ነበርና አባቷ «ታምራለች» ብለው ተዋት። በዓመቱ አጥሩን ዞራው ነበር። በሦስተኛው ዓመት ማሳ የሚባል ነገር አልነበረም። ጤፉ መውጫ አጣ፣ የበጎቹ ጠጉር ተቋጥሮ ለሸማኔ የማይሆን ሆነ፣ ቡቃያውን የበላች ጥጃ ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። አባቷ አርባ ዓመት ያረሱትን መሬት ትተው ከወንድማቸው ቤት ተጠጉ። እስኪሞቱ ድረስም ያቺን አንዲት እግር ያን ጊዜ ነቅዬ በነበረ ሲሉ ኖሩ። አልጣሽ ከዚያ ወዲህ በበጋ የለመለመ ነገር ስታይ ደስ አይላትም።

ጣሊያን ከወጣ ስምንት ዓመት ሲሞላው፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ወንዶቹ ተሰብስበው ስለ ውሃ ሲጨቃጨቁ አልጣሽ ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። አልለቅም ዳገቱ ሥር ደርሷል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በስልቻና በበቅሎ ጭራ እየተሳፈረ ሊወጣ ነው፤ በሩ ላይ ሰው ይቁም አለች። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ አለች። ወንዶቹ ሳቁ። ጭቃ ሹሙ ቢሻው፣ መቀመጥና መሳቅ የሚወድ ደግ ሰው፣ እንግዲያው አንቺው ጠብቂያ ብሎ ቀለደ። እሺ፣ ቅዳሜ እጀምራለሁ ብላ ተቀመጠች። ሳቁ ሲያልቅ ሴትዮዋ ተሹማ ነበር፤ ቢሻውም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያለውን ሊያጥፈው አልቻለም።

የመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች ቀላል አልነበሩም። ነጋዴው ሴት ልትፈትሸኝ ብሎ ያጉረመርማል፤ ባለርስቱ ስሙን ከነአያቱ ይቆጥርባታል። እሷ ለሁሉም አንዲት መልስ ነበረቻት፤ «ዘር ዘመድ አያውቅም።» የወረዳው ዳኛ በቅሎ ጭራዋ ተበጥሯል። የገዛ ወንድሟ አንድ ጊዜ ሽምብራ ጭኖ ሲመጣ ሦስት ፍሬ አልለቅም አገኘችበትና መለሰችው፤ እህቱ ቤት ሳይገባ ሜዳ ላይ ሽምብራ ሲለቅም ዋለ። ምሳውን ግን እዚያው ድረስ ይዛለት ወረደች፣ አጠገቡ ተቀምጣም አጎረሰችው።

ከሁሉ የባሰችባት ማሚቴ የምትባል የበርበሬ ነጋዴ ነበረች። ምላሷ ከሸቀጧ የባሰ ይፋጃል። ሌላው ስልቻ እህል ነው፤ የማሚቴ ስልቻ ዛላ በርበሬ ነው፤ እጅ የሰደደበት ሰው ዓይኑን መንካት እስከ ማታ አይችልም። አልጣሽ እያነጠሰች ትፈትሻለች፣ ማሚቴ እየሳቀች ይማርሽ ትላለች። አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ በቅዳሜ እንዲህ ሆነው ቆዩ። ማሚቴ አንድ ቀን ሳትመጣ ስትቀር አልጣሽ ከፍቷት እንደዋለች ባሏ ደምሌ ይመሰክራል።

በነዚያ አራት ዓመታት ዳገቱ ሥር ያለው አገር አልለቅም በአልለቅም ሆነ። ከድንጋይ በር በላይ ግን አንድ እግር እንኳ አልበቀለም። ሰዉም ማጉረምረሙን ትቶ በሩ ጋ ሳይደርስ ስልቻውን መፍታት ጀመረ።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አልጣሽና ደምሌ ያለቻቸው አንዲት ልጅ፣ አይናለም ናት። በአራተኛው ዓመት ለስማዳው ለባላምባራስ ተሻገር ልጅ ታጨች። ልጁ አምሳሉ ይባላል፤ ጎበዝ አራሽ ነው፣ ልጅቱም በሰርግ ቤት አይታው አልጠላችውም፤ እንዲያውም ስሙ ሲነሣ ሥራ ፈልጋ ወደ ጓዳ ትገባለች። ደምሌ ወንድ ልጅ ስለሌለው የማሳውን እኩሌታ ለሙሽሮቹ ሊሰጥ፣ እነሱም ጋይንት ላይ ጎጆ ሊቀልሱ ተስማሙ። ባላምባራስ ደግሞ ለመጀመሪያው ክረምት ዘሩን እኔ እችላለሁ አሉ።

ባላምባራስ ተሻገር መልካም ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ክብራቸው ቶሎ ይነካል። የታላቁን ልጃቸውን እጮኝነት ያፈረሱት፣ ሲገቡ የልጅቱ አጎት ከመደቡ አልተነሣልኝም ብለው ነው። ይህን ጋይንት ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ለአልጣሽ ደጋግመው የነገሯት ነገር ቢኖር እኚህን ሰው በደንብ ያዢያቸው የሚል ነበር።

ፋሲካ አልፎ ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በአንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባላምባራስ በሦስት በቅሎ ስንዴ አስጭነው፣ አምስት ሰው አስከትለው ድንጋይ በር ደረሱ። የፊተኛው ጭነት ላይ አንድ ጥቁር የጠጉር ባና ተዘርግቶበታል፤ ለሙሽራዋ እናት የመጣ ስጦታ ነው። ገበያተኛው ከፊትም ከኋላም ሞልቷል። ማሚቴ ገና ተፈትሻ ስልቻዋን እያሰረች ነበር። ደምሌ እንግዶቹን ሊቀበል ወርዶ ሚስቱ አጠገብ ቆሟል።

አልጣሽ ተነሣች፣ ሰላምታ ሰጠች፣ ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አለች፤ ባላምባራስም በትከሻዋ አነሷት። ከዚያ ሁሉም እጇን ማየት ጀመረ። የአገሩ ወግ እንዲህ ነውና፤ የአማች ጭነት መንገድ ላይ አይፈታም። ቤት ገብቶ፣ ምሰሶ ሥር ተቀምጦ፣ ሽማግሌ መርቆት ነው የሚፈታው። መንገድ ላይ የፈታ ሰው አማቹን «አላመንኩህም» ማለቱ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ካሣ የለውም።

አልጣሽ እጇን ወደ ስልቻው ሰደደች። ጣቷ ጠፍሩን ነካ። ባላምባራስ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ደመና ያያሉ። ደምሌ አንድ ጊዜ ሳል አለ፤ አልጣሽም ያንን ሳል ሃያ ዓመት ታውቀዋለች። ልጅቷን አሰበች፣ ስሙ ሲነሣ ወደ ጓዳ የምትሮጠውን። እጇ ጠፍሩ ላይ ትንሽ ቆየና ስልቻውን መታ መታ አድርጎ ተመለሰ። እግዜር ይስጥልን፣ ይለፉ አለች።

ማሚቴ ስልቻዋን ማሰሯን ሳታቆም፣ ለራሷ የምታወራ መስላ «አይ ዘር! ዛሬስ ዘመዱን አወቀ» አለች። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ቀና ብሎ አየ። ባላምባራስ ይስሙ አይስሙ አልታወቀም። ባናውን ከጭነቱ ላይ አንሥተው አልጣሽን በገዛ እጃቸው አለበሷት፣ የድንጋይ በር ንፋስ እንዳይነካት መረቁ፣ ጉዞውም ወደ ቤት ሆነ። ቢሻው በሩን እንዲጠብቅ ቁርበቱ ላይ ተቀመጠ። አልጣሽ አዲሱን ባና ለብሳ፣ አማቿን አስከትላ፣ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አንገቷን ደፍታ ሄዳ አታውቅም።

ቤት ተገባ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ማዕድ ቀረበ። ሦስቱ ስልቻዎች ምሰሶው ሥር ተቀመጡ። አልጣሽ ታስተናግዳለች፣ ዓይኗ ግን ከስልቻዎቹ አይነቀልም። እጇን ሰድዳ ባየችው ኖሮ፣ ንጹሕም ይሁን ቆሻሻ፣ እርግጡን ታውቀው ነበር። አሁን ግን ሽማግሌ ከመረቀው በኋላ ይፈታል፣ ወዲያው ጎተራ ይገባል፣ በሰኔ ደግሞ ማሳው ላይ ይበተናል። ደምሌን ወደ ጥግ ጠርታ ነገረችው። እሱ ሰርጉ ይለፍ፣ ከዚያ ቀስ ብለን እናየዋለን አለ። ምክሩ መልካም ነበር፤ የሚበቃ ግን አልነበረም።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ? ማዕዱ ሳይነሣ ቢሻው እያለከለከ በጓሮ በር ገባ። ገበያተኛው ስልቻዬን አልፈታም ብሏል። መጀመሪያ የባላምባራስ ይፈታ፣ አራት ዓመት እኛን ሜዳ ላይ ስታስለቅም የኖረች የአማቿን ሲሆን ዓይኗን ጨፈነች እያሉ ነው። ሁለት የጓያ ጭነት ሳይፈተሽ ሊያልፍ ሲል ደረቴን ገትሬ አቆምኩት፤ ብዙ ግን አልችልም፤ ስቆም ጉልበቴን ያመኛል አለ። አልጣሽ ጓዳ ውስጥ ማድጋው ላይ ተደግፋ ሰማችው። ከፈታችው ልጇ ሳትዳር ልትቀር ነው፤ ካልፈታችው በሩ ተከፈተ፣ የአባቷ ማሳ ጋይንት ወጣ።

አይናለም በወጉ ከአማቾቿ ተደብቃ እዚያው ጓዳ ነበረች። ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷ ገርጥቷል፤ እናቷን ግን በቀጥታ ነው ያየቻት።

«እማ፣ ፍቺው። ያንን ዘር የምንዘራው እኛ ነን። አረሙን ስነቅል የምኖረውም እኔ ነኝ» አለች።

አልጣሽ ሰፌዷን ከግድግዳው አውርዳ ወጣች። ባናዋን እንደለበሰች ባላምባራስ ፊት ተንበረከከች፣ ሰፌዱን ከፊቷ አኖረች።

«ባላምባራስ፣ ዛሬ አጥፍቻለሁ። ጭነትዎን ሳልፈትሽ ያሳለፍኩት ንጹሕ መሆኑን አውቄ አይደለም፤ አፍሬ ነው። አራት ዓመት ለሰው ሁሉ ዘር ዘመድ አያውቅም ስል ኖሬ ለእርስዎ ሲሆን ዋሸሁ። ይፍቀዱልኝና ልፍታው» አለች።

ባላምባራስ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። ጢማቸውን ጠረጉ። ተነሡ። ወደ ሰዎቻቸው ዞረው አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፤ ጫኑ አሉ።

ወይ ጉድ! ደምሌ የሚያደርገው ጠፋው። ጓዳ ውስጥ አይናለም አፏን በነጠላዋ ይዛ ስታለቅስ ይሰማል። ሦስቱ ስልቻዎች ወጡ፣ በቅሎዎቹ ላይ ተጫኑ። ደምሌ ለይቅርታ ብሎ ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሣና ማጅራቱ ላይ አድርጎ ባላምባራስ ፊት ቆመ። ድንጋዩ ደግሞ ከሚገባው በላይ ትልቅ ነበር፤ የተጨነቀ ሰው መቼ ይመርጣል? ባላምባራስ አለፉት። እሱም ድንጋዩን እንደተሸከመ ከኋላቸው ተከተለ። ከደምሌ ኋላ አልጣሽ ሰፌዷን ይዛ፣ ከእሷ ኋላ ጎረቤቱ ሁሉ፤ እንዲህ ሆነው ወደ ድንጋይ በር ወረዱ። አይናለምም ወጉን ረስታ በሩቁ ተከተለች።

ባላምባራስ በሩን አልፈው ወጡ፤ አልጣሽም ልቧ አብሮ ወጣ። ቁልቁል የሚወስደውን መንገድ ሲይዙ ማየት ስላልፈለገች መሬት መሬት ታያለች። ቀና ስትል ግን ባላምባራስ አልወረዱም። ስልቻቸውን ከጓያ ነጋዴዎቹ ኋላ አስወርደው፣ ተራ ይዘው ቆመዋል። ገበያተኛው ሁሉ ወሬውን ትቶ እሳቸውን ያያል።

ከዚያ የሆዳቸውን ተናገሩ። ድምፃቸው ከቁጣ ይልቅ የቅሬታ ነበር።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ባለቤቴ፣ ልጆቼ፣ እኔም ራሴ በዚህ በደከመ ዓይኔ ይህን ስንዴ ፍሬ በፍሬ ስንለቅም ከረምን። የድንጋይ በሯን ሴት አስደንቃለሁ ብዬ። እርስዎ ሳያዩት አሳለፉኝ! ደመና ደመና ሳይ የነበረው ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ ነው። እንግዲህ ተራዬ ሲደርስ ይጥሩኝ» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀው ቢሻው ነው፤ ቀጥሎ ገበያው በሙሉ። የጓያ ነጋዴዎቹ ከመቼው ስልቻቸውን ፈቱ። አልጣሽ ቁርበቷ ላይ ተቀመጠች፣ እንባዋንና ሳቋን አንድ ላይ እየጠረገች ሠራች። የባላምባራስ ተራ ሲደርስ እጇን እስከ ክንዷ ሰደደች፤ ዘገነች፣ አንገዋለለች፣ አበጠረች፣ ጎንበስ ብላ አየች። ሁለተኛውን ስልቻ፣ ሦስተኛውንም። አልለቅም ይቅርና አንዲት እንክርዳድ እንኳ የለችበትም። በአራት ዓመት እንዲህ ያለ እህል አላየሁም ብላ ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ መሰከረች። የበቅሎዎቹም ጭራና ጋማ ተበጥሮ ንጹሕ ሆነ፤ ሦስቱን እፍኝ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ባላምባራስ ጢማቸውን እየጠመዘዙ ቁመታቸው የጨመረ መሰለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ደስ ባለኝ። ማሚቴ ግን በርበሬዋን ሰው አስጠብቃ ተመልሳ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጨዋታ እንዴት ይለፋት? ከአልጣሽ ኋላ መጥታ ቆመች፣ ባናውን ትክ ብላ አየችው፣ ጣቷን ሰደደችና አንድ ነገር ነቅላ ወደ ብርሃን አነሣች። ቡናማ፣ ቆልማማ እሾሁ ዙሪያውን የቆመ።

«እትዬ አልጣሽ፣ ይቺስ የማናት?» አለች። ሳቋ ጠፍቶ ነበር።

ሁሉም ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ባላምባራስ ማታውን ዳገቱ ሥር ካለው ወንዝ ዳር አድረው ነበር፤ ባናውም ለዓይን እንዲያምር ጭነቱ ላይ ተዘርግቶ፣ ያንን ሁሉ አረም ያጠረውን መንገድ ግራና ቀኝ እየጠረገ ነው የወጣው። ሰዉ ሁሉ ስለ ስንዴው ሲያስብ ጠጉሩን ያሰበ የለም። ጥቁሩ ባና ውስጥ ደግሞ ቡናማው ፍሬ አይታይም። አልጣሽ አራት ዓመት የጠበቀችውን በር፣ አልለቅምን በገዛ ጀርባዋ አዝላ አልፋ፣ ቤቷ ድረስ ሄዳ፣ ምሰሶዋን ዞራ ተመልሳለች።

ባላምባራስ ፊታቸው አመድ ሆነ። ቃል ሊያወጡ አፋቸውን ሲከፍቱ አልጣሽ በእጇ አቆመቻቸው። ባናውን ቀስ ብላ አወለቀች፣ አንድም ፍሬ እንዳይረግፍ ወደ ውስጥ አጠፈችው። ከዚያ ተነሥታ በሩን ተሻግራ ወጣች፤ የመለሰቻቸው ሰዎች እህል የሚለቅሙበት ሜዳ ላይ ቆመች። ዞር ብላም ቁርበቱን በአገጯ አሳየች።

«ማሚቴ፣ ተቀመጪ። ፈትሺኝ» አለች።

ማሚቴ ለአንድ አፍታ ሰው እንደሚያላግጥባት ሁሉ ዙሪያዋን አየች። ከዚያ በርበሬ የነካ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ቁርበቱ ላይ ተቀመጠች። እጅሽን አንሺ አለቻት፤ አልጣሽ አነሣች። ቀሚሷን ዙሪያውን፣ ነጠላዋን፣ ሹሩባዋን ሳይቀር አየቻት። ከባናው አሥራ አንድ፣ ከቀሚሷ ሁለት ወጣ። ሥራዋን እንዲህ አድርጋ ስትሠራ ያየ ሁሉ ይቺ ሴት አራት ዓመት ተማሪ ነበረች እንዴ ብሎ ተገረመ።

ነገሩ በዚህ አበቃ እንዴ? ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው መንገድስ? አልጣሽ ሁሉንም አሰለፈቻቸው። ደምሌ ድንጋዩን ገና እንደተሸከመ ቆሞ ነበር፤ እንዲያስቀምጠው የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው። አንተ ሰው፣ ድንጋዩን ጣልና ልቀም አለችው። የሰርጉ ሽማግሌ፣ የአማች ዘመድ፣ ጭቃ ሹም፣ ገበያተኛ ጎንበስ ብሎ ዳገቱን ወጣ። ባላምባራስ ከሁሉ ፊት ነበሩ፤ ልጅ ልድር መጥቼ አረም ለቃሚ ሆንኩ እያሉ ራሳቸውን ያማሉ፣ አንድ ባገኙ ቁጥር ደግሞ ከፍ አድርገው ያሳያሉ። መንገድ ላይ አራት ተገኘ፣ ደጃፍ ላይ አንድ፣ ምሰሶው ሥር አንድ። የመጨረሻዋ የተገኘችው አይናለም እጅጌ ላይ ነው፤ ጓዳ ውስጥ እናቷን ከኋላ ስታቅፍ ተጣብቃባት ነበር። የተለቀመው ሁሉ ተሰብስቦ ምድጃ ገባ። ስንዴውም በወጉ ምሰሶ ሥር ተቀመጠና ተመረቀ።

ሰርጉ በሁለት ሳምንቱ ሆነ። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ድንጋይ በር ሲደርሱ ከበቅሏቸው ወርደው እጃቸውን አነሡ፤ ማሚቴ ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። አንደኛው ሚዜ ኩራት ቢጤ አሳይቶ ነበር፤ ባላምባራስ ራሳቸው ገሠጹት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት በድንጋይ በር መጀመሪያ የምትፈተሸው አልጣሽ ሆነች። ማንንም ከማየቷ በፊት እጇን ታነሣለች፤ ከተራው ፊት የቆመ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይፈትሻታል። ባናውን ግን አልተወችውም፤ በየሳምንቱ እያበጠረች ለበሰችው።

በሁለተኛው ዓመት አይናለምና አምሳሉ የመጀመሪያ ልጃቸውን ለአያቱ ሊያሳዩ ለፋሲካ ስማዳ ወረዱ። ሲመለሱ ቅዳሜ ነበር። አልጣሽ የልጅ ልጇን ካየች አንድ ወር አልፏታል። ከሩቅ ስታያቸው ሰፌዷን ጥላ ተነሣች፣ ሮጠች፣ ከቋጥኞቹ ልትወጣ ስትል ግን እግሯ ቆመ። አይናለም ከወዲያ በኩል ቆማ እየሳቀች አንቀልባውን ከጀርባዋ ፈታች፣ ልጁን ለባሏ ሰጠች፣ እጇን አነሣች። ከኋላ ሊሸኟቸው የወጡት ባላምባራስ እጃቸውን ካነሡ ቆይተዋል።

አልጣሽ ልጇን ፈተሸች፣ አምሳሉን ፈተሸች፣ ባላምባራስን ፈተሸች። ከአንቀልባው ጠፍር ሥር አንዲት አልለቅም አገኘች። አንዲት ብቻ ናት። መዳፏ ላይ አድርጋ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ረዘም አድርጋ አየቻት። «አባዬ፣ ይቺን ነቅዬልሃለሁ» አለች በሆዷ። ገንቦው ውስጥ ጣለቻት፣ ክዳኑን ደፋች፣ እጇንም ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ልጁን የሳመችው ከዚያ በኋላ ነው።